«ዝግ» ያለ ጨጓራና «ዝግ» የሆነ ጨጓራ፦ ከሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና በኋላ ለሚሰጡ መድኃኒቶች የሚቀርቡ የአማርኛ አቻዎች ሲመረመሩ

ከሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚደርስ አንድ ችግር አለ። የተሰፋው ቁስል እየጠገገ፣ ሕመምተኛው እየበረታ ሳለ የበላውና የጠጣው ነገር ከጨጓራው አልወርድ ይለዋል። ሆዱ ይነፋል፤ ጥቂት ቀምሶ ጠገብኩ ይላል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ በመጨረሻም ያስመልሰዋል። መንገዱ ግን ክፍት ነው። የሚያግድ ዕጢ፣ ያጠበበ ጠባሳ፣ የተጣመመ አንጀት የለም። ጨጓራው ሥራውን በጊዜው አለማከናወኑ ብቻ ነው። ይህን ሁኔታ በአማርኛ ምን ብለን እንሰይመው? ለሕክምናው የሚታዘዙትንስ መድኃኒቶች በምን የወል ስም እንጥራቸው? በዚህ ጽሑፍ የሚሞከረው በተርጓሚው ብዕር ላይ ቀድመው የሚመጡትን አቻ ቃላት መርምሮ የሚጣለውን ከሚያዘው መለየት ነው። ጨጓራ ሲዘገይ የሚታዘዘው መድኃኒት ጨጓራ ሲዘጋ ይከለከላልና፣ በስያሜው ላይ የሚደርስ ስሕተት ከወረቀቱ አልፎ ከሰው አካል ይደርሳል።

«ሲዘገይ» እና «ሲዘጋ» የሚሉትን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ሆን ብለን ነው። «ዘገየ» እና «ዘጋ» በትርጉም የተራራቁ ግሦች ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ስም ሲለወጡ «መዘግየት» እና «መዘጋት» ይሆናሉ፤ «ግየ» በነበረበት «ጋ» ከገባ አንዱ ሌላው ሆኖ ቁጭ ይላል። በችኮላ በተጻፈ የሐኪም ማስታወሻ ወይም አራሚ ባላየው የኅትመት ረቂቅ ላይ ይህ የሚጠበቅ ስሕተት ነው። አንባቢ በዐውዱ እንዳያርመውም ሁለቱም አነጋገሮች ትርጉም ይሰጣሉ፤ የጨጓራ መዘግየት እንዳለ ሁሉ የጨጓራ መዘጋትም ራሱን የቻለ በሽታ ነውና።

«ዝግ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ዝግ ብለህ ተናገር» ስንል ቀስታን፣ «ሱቁ ዝግ ነው» ስንል መታገድን እንገልጻለን። «ጨጓራው ዝግ ብሏል» እና «ጨጓራው ዝግ ሆኗል» በሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የረዳት ግሥ ልዩነት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ይጠራል፣ ሁለተኛው ግን ቀዶ ጠጋኝን ይጠራል። «ዝግመተ ለውጥ» ከሚለው ሐረግ «ዝግመት»ን ወስዶ ለጨጓራ መስጠት ይቻል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ይህም ከዚያው ከ«ዝግ» ጥላ ሥር አያወጣንም።

የሁለቱ ሁኔታዎች መቀራረብ በቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለሙያው ያውቀዋል ብለን በተውነው ነበር። ነገር ግን በአንድ ሕመምተኛ ላይ ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ። የቺካጎው ቀዶ ጠጋኝ ሌስተር ድራግስቴት እ.ኤ.አ. በ1943 የቬገስን ነርቭ በመቁረጥ የዱዎዲነምን ቁስለት ማከም ጀመረ፤ ዱዎዲነም ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የቀጭን አንጀት መነሻ ነው። ነርቩ የጨጓራን አሲድ እንደሚያዝ ሁሉ የጨጓራን ጡንቻም ያዛልና አሲዱ ሲቀንስ ጡንቻውም ሰነፈ፤ ከታከሙት ሰዎች ከፊሉ ምግብ በጨጓራቸው ውስጥ እየቆየ ተቸገሩ። ስለዚህ ነርቩ በተቆረጠ ቁጥር ለጨጓራው ሰፋ ያለ መውጫ መሥራት የቀዶ ጥገናው አካል ሆነ። እንግዲህ የቆየ ቁስለት በጠባሳ መውጫውን አጥብቦበት የመጣ ሰው ያለበት መዘጋት ነው። ታክሞ መውጫው ከተከፈተለት በኋላ ጨጓራው ቢሰንፍ ያለበት መዘግየት ነው። በአንድ የሕክምና መዝገብ፣ ምናልባትም በአንድ ገጽ ላይ፣ ሁለቱ ቃላት ይጻፋሉ። ሜቶክሎፕራማይድን የመሰለ መድኃኒት ለሁለተኛው ይታሰባል፤ ለመጀመሪያው ክልክል ነው፤ በተዘጋ መውጫ ላይ ጡንቻን ማስጨነቅ አደጋ ያመጣልና።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት «መዘግየት»ን ትቶ «መጓተት»ን መያዝ ይሻላል የሚል ነው። ሥራው ተጓተተ ሲባል ሥራው ታገደ ወይም ፈጽሞ ቆመ ማለት አይደለም፤ በታሰበለት ጊዜ አላለቀም ማለት ነው። የሕክምናው ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ቃሉ እርስ በርስ መሳሳብን የሚያመለክት ሌላ ትርጉም ቢኖረውም ለጨጓራ ሲነገር የሚያሳስት አይመስልም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ«መዘጋት» ጋር በድምፅም በመልክም አይመሳሰልም።

የሚጓተተው ነገር ምንድን ነው? ከዚህ ላይ «ባዶ መሆን»፣ «ማፍሰስ»፣ «መፍጨት» እና «ማራገፍ» ይቀርባሉ። «ባዶ መሆን» የሥራውን ፍጻሜ እንጂ ሥራውን አይገልጽም፤ በዚያ ላይ ባዶ ሆድ በአማርኛ የራሱ ቦታ አለው፣ «በባዶ ሆድ የሚወሰድ መድኃኒት» እንደሚባለው። «ማፍሰስ» ፈጽሞ መቅረት አለበት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሚፈሩት ነገሮች ዋነኛው የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱ ነውና «ጨጓራው ማፍሰሱ ተጓቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር የሰማ ቤተሰብ መልካም ዜና የሰማ ሊመስለው ይችላል። «መፍጨት»ን ሕመምተኛው ራሱ ይጠቀምበታል፤ «አልፈጭልኝ አለ» ይላል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ምግብ መድቀቁና ምግብ ወደ አንጀት መተላለፉ ሁለት ሥራዎች ስለሆኑ ለስያሜ አይበቃም። «ማራገፍ» ግን ጫኝና አራጋፊ ከሚለው የታወቀ የሥራ ስም ጋር የሚዛመድ ነው። ጨጓራ ይጫናል፤ የተጫነውን ያደቅቃል፤ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ያራግፋል። ስለዚህ «የጨጓራ ማራገፍ መጓተት» ረዘም ቢልም ሥራውንና ጉድለቱን በትክክል የያዘ ሐረግ ነው።

በነገራችን ላይ የጨጓራው መውጫ፣ ፓይሎረስ የሚባለው፣ በግሪክኛ በር ጠባቂ ማለት ነው። በግዕዝ ቃል መሰየም የሚወድ ሰው ወዲያው «ዐጻዌ ኆኅት» ሊል ይችላል። ቃሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ማዕርግ ስም ከመሆኑም ሌላ «ዐጸወ» ዘጋ ማለት ስለሆነ ከምንሸሸው ቃል ጋር በጓሮ በር መልሶ ያገናኘናል። «የጨጓራ መውጫ» ይበቃል።

ከግሪክኛው ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ተርጓሚ የሚደርስበት ሌላ አቻ «የጨጓራ ሽባነት» ነው። ጋስትሮፓሬሲስ የሚለው ስያሜ የተስፋፋው ፖል ካሳንደር እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ስኳር ሕመምተኞች ጨጓራ ካወጣው ጽሑፍ ወዲህ ነው። የቃሉ ሁለተኛ ክፍል «ፓሬሲስ» መላላትን፣ ከፊል ድካምን ያመለክታል፤ ፍጹም አለመንቀሳቀስን ከሚያመለክተው ከ«ፓራሊሲስ» የተለየ ነው። የአማርኛው «ሽባ» ግን ለከፊል ድካም ቦታ የለውም። በጾሙ ወራት የመጻጉዕን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ሰው «ጨጓራህ ሽባ ሆኗል» ቢባል በዐልጋ ላይ የተፈጸመ 38 ዓመት ይታየዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣው የጨጓራ ድካም ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት የሚያልፍ ነው። ስለዚህ «ሽባነት» በዚህ ቦታ ስሕተትም ጭካኔም ነው።

እዚህ ላይ አውሮፓውያኑ የተሻለ ነገር አላቸው ብሎ ማሰብ አይገባም። ኢሌየስ የሚለው ስያሜ የተገኘው መጠምዘዝን ከሚያመለክት የግሪክ ግሥ ነው፤ የጥንቱ ስሜቱም የተጠመዘዘና የታገደ አንጀት ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛው አጠቃቀም ቃሉ ብዙውን ጊዜ ያለ አንዳች እገዳ እንቅስቃሴውን ያቆመ አንጀትን ያመለክታል፤ በጀርመንኛ ግን ለሁለቱም ይውላል፤ ሐኪሞቹም «ሜካኒካዊ» እና «ፓራሊቲክ» የሚሉ ቅጽሎችን እየጨመሩ ይለዩታል። መዘጋትን ከመድከም ያልለየ ቃል ወርሰው በቅጽል ይጠግኑታል ማለት ነው። ከጀርመንኛና ከእንግሊዝኛ ጽሑፎች እያፈራረቀ የሚተረጉም ሰው «ኢሌየስ»ን በፊደል ገልብጦ ቢያልፍ ጥርጣሬውን ከነሥሩ ተክሎት ያልፋል።

የ«ሆድ» ነገር ከሁሉም ይበልጣል። አማርኛ «ሆድ»ን ያልሰጠው ሥራ የለም። ሆድ የምግብ ማደሪያ ነው፤ የጽንስ ማደሪያም ነው፤ የምሥጢርና የቅሬታም ማደሪያ ነው። በዕለት ንግግር ይህ የቋንቋው ሀብት ነው። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ግን «ከቀዶ ጥገና በኋላ ሆድ ሥራ እስኪጀምር» የሚል ሐረግ ሦስት የተለያዩ ጊዜያትን ይጨፈልቃል። ብዙ ጊዜ እንደሚገለጸው ቀጭኑ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ወይም በአንድ ቀን ያገግማል፤ ጨጓራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ትልቁ አንጀት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ኤሪትሮማይሲን በተባለው መድኃኒት ላይ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቆሽት ራስና ዱዎዲነም ተቆርጦ በወጣላቸው 118 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው መካከል የጨጓራ ማራገፍ የተጓተተባቸው 19 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው መካከል ደግሞ 30 በመቶ መሆናቸውን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በበኩሉ ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚደርስ የአንጀት አለመንቀሳቀስ ይኸው መድኃኒት የማይረዳ መሆኑን ደመደመ። ሁለቱ አባባሎች አይጋጩም፤ አንዱ ስለ ጨጓራ፣ ሌላው ስለ አንጀት ይናገራል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሆድ አለመሥራት» ብሎ ቢያስቀምጣቸው ግን መድኃኒቱ ይረዳልም አይረዳምም ያሰኛል፤ አንባቢውም ወይ ሳይንሱን ወይ ተርጓሚውን ይታዘባል። መታዘብ የሚገባው ተርጓሚውን ነው።

የመጀመሪያውን ጥናት በተመለከተ አንዲት ትንሽ ነገር አክለን እንለፍ። ከ30 ወደ 19 መውረድ በአንጻር ሲሰላ የ37 በመቶ ቅናሽ ነው። ይህም «በ37 በመቶ ቀነሰ» ይባላል። «ወደ 37 በመቶ ቀነሰ» የተባለ እንደሆነ መድኃኒት ካልወሰዱት ሰዎች የባሰ ቁጥር ይሆናል። ልዩነቱ የአንድ መስተዋድድ ነው።

«ጨጓራ»ስ ከ«ሆድ» ይሻላል? ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱም ጣጣ አለው። ቃሉ ከከብት ብልት የመጣ ነው፤ ዱለት የሚሠራ ሰው ጨጓራን ከሽንፍላ ለይቶ ያውቃል። ለሰው ሲነገር ደግሞ የብልቱ ስም የበሽታው ስም ሆኗል፤ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው አካሉን እየቈጠረ አይደለም፤ የሚያቃጥል ሕመሙን እየተናገረ ነው። ከዚህም የተነሣ «የጨጓራ መድኃኒት» ሲባል ሕዝቡ የሚረዳው አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት ነው። ስለዚህ ማራገፍን የሚያግዙ መድኃኒቶች «የጨጓራ መድኃኒት» ተብለው ብቻ ሊተዉ አይገባም።

በዚህ አጋጣሚ «የ» በመድኃኒት ስያሜ ላይ የምታደርገውን ማየት ይገባል። «የራስ ምታት መድኃኒት» ራስ ምታትን ያስወግዳል፤ «የእንቅልፍ መድኃኒት» እንቅልፍን ያመጣል። «የማስመለስ መድኃኒት»ስ? በሜቶክሎፕራማይድ ላይ ይህ ስም ሲለጠፍ ተናጋሪው ማስመለስን የሚከለክል ማለቱ ነው፤ የቃሉ አሠራር ግን ለተቃራኒውም ክፍት ነው። «የማራገፍ መድኃኒት» ብንልም እንደዚሁ አቅጣጫው አይታወቅም። እንዲህ ላሉ ስያሜዎች አቅጣጫውን በግሥ እርባታ ማሳየት ግድ ይሆናል።

የእነዚህ መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ የወል ስም ፕሮካይኔቲክ ነው፤ ወደ ፊት የሚያንቀሳቅስ እንደ ማለት። «አንቀሳቃሽ መድኃኒት» የሚለው አቻ ከዚህ ይመነጫል። ሁለት ነቀፌታ አለብኝ። አንደኛ፣ ምን እንደሚያንቀሳቅስ አይናገርም። ሁለተኛውና የከፋው ከሜቶክሎፕራማይድ ጎጂ ውጤት ጋር ይጣላል። ይህ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሲወሰድ የፊትና የምላስ ጡንቻዎች ያለ ፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ ሊያደርግ ይችላል፤ ሁኔታው ታርዲቭ ዲስካይኔዢያ ይባላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2009 በመድኃኒቱ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ፤ የአውሮፓው ተቆጣጣሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊግራም፣ በጊዜም ከ5 ቀን እንዳያልፍ ወሰነ። እንግዲህ «አንቀሳቃሽ» የተባለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ምላሱ ቢንቀሳቀስ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ቢያስብ ማን ይወቅሰዋል? የጎጂው ውጤት ስም ራሱ በቃል በቃል ትርጉም «የዘገየ እንቅስቃሴ» ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያለመጠን የሚንቀሳቀስ ምላስ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ይነበባል። በዚህ ስም ውስጥ የዘገየው እንቅስቃሴው ሳይሆን መምጣቱ ነው። «ውሎ አድሮ የሚመጣ ያለ ፈቃድ እንቅስቃሴ» ቢባል ሁሉም ግልጽ ይሆናል።

«አስኪያጅ መድኃኒት» የሚለውን ለመንቀፍ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ መሥሪያ ቤት ያስተዳድር ይመስላል። «አራጋፊ መድኃኒት» በአንጻሩ ለእውነት የቀረበ ሆኖ ሳለ በሰዋስው ይስታል። የሚያራግፈው ጨጓራው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ጨጓራው እንዲያራግፍ ያደርጋል። ሌላውን የሚያሠራ ባለቤት በአማርኛ በ«አስ» ይገለጻል፤ «ፈጻሚ» እና «አስፈጻሚ» የተለያዩ ናቸው። በዚህ መንገድ «ጨጓራ አስራጋፊ መድኃኒት» ይገኛል። ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም አሠራሩ የቋንቋው ነው፤ ሕዝቡ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት «የሚያስቀምጥ» ብሎ የሰየመውም በዚሁ «አስ» ነው። ይህ ልዩነት ሌላም ጥቅም አለው፤ «አስራጋፊ» ከ«አስቀማጭ» ጋር ስለማይምታታ ከጨጓራ የሚያወርደው መድኃኒት ሆድ እንደሚያስቀምጥ ተደርጎ አይወሰድም። ዶምፔሪዶንም በዚሁ ስም ሥር ይገባል፤ በልብ ምት ላይ ባደረሰው አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ ገበያ የወጣው ሲሳፕራይድም በታሪክነቱ እንዲሁ።

ኤሪትሮማይሲን ወደዚህ ክፍል የገባው በሌላ በር ነው። በመሠረቱ ባክቴሪያን የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ሞቲሊን የሚባለውን ሆርሞን ተክቶ በዚያው ሆርሞን ተቀባዮች ላይ ስለሚሠራ ጨጓራን በኃይል ያኮማትራል። ይህ ኃይሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። ተርጓሚው ለዚህ ድካም «መላመድ» የሚለውን ቃል ቢያመጣ አይፈረድበትም፤ አደጋው ግን እዚያው ነው። «መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው አነጋገር ከተስፋፋ ወዲህ «መላመድ» የተሕዋስያኑ ሆኗል። ባክቴሪያ ስለሚገድል መድኃኒት «ተላመደ» የሚል ያነበበ ነርስ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ያስፈልጋል ብሎ ቢረዳ ቃሉ ወደዚያው መርቶት ነው። የደከመው የጨጓራው ምላሽ ነውና «የምላሽ መድከም» ይባል። «ሱስ»ም አይደለም፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን አልናፈቀምና።

ከቁሳቁስ ስሞች «የአፍንጫ ቱቦ»ን ብቻ እናንሣ። ኦክስጅን የሚያስገባውም፣ የጨጓራን ፈሳሽ የሚያወጣውም ቱቦ በአፍንጫ ያልፋል። ስያሜው በመነሻው ሳይሆን በመድረሻው ቢሆን፣ ማለት «የጨጓራ ቱቦ» ቢባል፣ ልዩነቱ ይታወቃል።

ቱቦው ወደ መጨረሻው ነጥብ ያደርሰናል። የቆሽት ቀዶ ጥገና ዓለም አቀፍ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ችግሩን በሦስት ደረጃዎች ከፍሎ በላቲን ፊደላት ሰይሟል። በመጀመሪያው ደረጃ ቱቦው ከ4 እስከ 7 ቀን ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ከ8 እስከ 14 ቀን፤ በሦስተኛው ከ14 ቀን በላይ። በልማዳችን የላቲኑ ሦስት ፊደላት «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ሆነው ይተረጐማሉ። በወረቀት ላይ ችግር የለም። ሲነበብ ግን ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ከሦስቱ ደረጃዎች እጅግ ቀላሉና እጅግ ከባዱ በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን አስችሏል፤ በዚያም ሆነ በሌላ አገር የሚሠራ አስተርጓሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በስልክ ነው። «ሐመሩ ሐ» እያለ እንዲያብራራ መጠበቅ አይቻልም። የላቲኑን ፊደላት በድምፃቸው «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብሎ መጻፍ አንዱ መንገድ ነው፤ ነገር ግን «ቢ» እና «ሲ»ም በስልክ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ደረጃ 1፣ ደረጃ 2፣ ደረጃ 3 ቢባል፣ ከቡድኑ ፊደላት ጋር ያለው ዝምድናም በመጀመሪያው መጠቀሻ ላይ አንድ ጊዜ ቢገለጽ የተሻለ ነው።